ዜግነት፦ ችሮታ ወይስ መብት?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየስብሰባችን ግማሹ ብቻ የሚነገርለት ነው። «ድርብ ዜግነት ይፈቀድልን» የሚለውን ግማሽ በውጭ የምንኖር ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለመሪዎች ጠይቀናል፣ አቤቱታ ፈርመናል። ሌላው ግማሽ ግን ከማንም አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ይህም በእኛ ምድር ተወልዶ ወይም ዕድሜውን ኖሮ፣ ከእኛው ጋር ተጋብቶና ወልዶ፣ ኢትዮጵያዊ ልሁን ብሎ ሲያመለክት መልስ የሚያጣው ሰው ጉዳይ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላነሣሁትም ነበር። ያስታወሰኝ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ነው።

ጓደኛዬ እንደ እኔው መርካቶ ተወልዶ ያደገ ነው። ወላጆቹ ከየመን የመጡ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ሱቃቸውን «አረብ ቤት» ይለው ነበር፤ በልጅነቴ ስኳርና ነጭ ጋዝ ግዛ ተብዬ የምላከው ወደዚያው ነበር። አማርኛውን ከእኔ እኩል፣ ጉራጊኛውን ከእኔ አብልጦ ይናገራል። ሚስቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹም በእናታቸው በኩል ኢትዮጵያውያን ናቸው። በዚያ ቤት ውስጥ የውጭ አገር ሰው ተብሎ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሳድሰው እሱ ብቻ ነው። ዜግነት ከጠየቀ ዓመታት አልፈዋል። «ይጠራሃል» ተብሏል። እስካሁን የጠራው የለም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥንና ወሬ ወሬን እያነሣ ስለ ወረቀት መጨዋወት ጀመርን። እሱ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እኔ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያዬን፣ ማለትም «ቢጫ ካርዴን»፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርን። እሱ እየሳቀ «አየህ» አለኝ፤ «ሁለት የመርካቶ ልጆች፣ ሁለቱም የውጭ ዜጎች። ልዩነታችን አንተ ጥለሃት ሄደህ ፈቃድ አትጠየቅም፤ እኔ የትም ሳልሄድ እጠየቃለሁ።»

ነገሩ አላሳቀኝም። ቀልድ መስሎ የተነገረው የሕጉ ትክክለኛ ትርጓሜ ነበርና።

ሕጉ ምን ይላል?

ዛሬ የምንተዳደርበት የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሕግ በ1922 ዓ.ም. የወጣው ሲሆን፣ ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ኢሕአዴግም ሥልጣን ይዞ ከአሥር ዓመት በላይ እስኪቆይ ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖሯል። ያ አሮጌ ሕግ ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ ሰው አምስት ዓመት መኖርንና አማርኛ አሳምሮ ማወቅን ያዝዝ ነበር። ለኢትዮጵያዊት ሴት ደግሞ ጨካኝ ነበር፤ የውጭ ሰው አግብታ በጋብቻው የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ያሳጣት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ሽሯል። ኢትዮጵያዊ ወንድም ሆነ ሴት የውጭ አገር ሰው በማግባቱ ዜግነቱ አይቀርበትም፤ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅም ኢትዮጵያዊ ነው።

የ1996ቱ አዋጅ ሲነበብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእንግዳ ክፉ አይደለም። በአንቀጽ 5 መሠረት አመልካቹ ቢያንስ አራት ዓመት በኢትዮጵያ ነዋሪ መሆን፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለውና መልካም ጠባይ ያለው ሰው መሆን፣ በወንጀል ያልተቀጣ መሆን፣ ከቀድሞ ዜግነቱ መለቀቅ ወይም መለቀቅ የሚችል መሆን፣ በመጨረሻም ቃለ መሐላ መፈጸም አለበት። ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ላገባ ደግሞ አንቀጽ 6 መንገዱን ያሳጥርለታል፤ ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላውና አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ ይበቃል።

ልብ በሉ! አሜሪካ ቋሚ ነዋሪውን አምስት ዓመት ታስጠብቀዋለች፤ እኛ አራት። አሜሪካ የዜጋዋን የትዳር ጓደኛ ሦስት ዓመት ታስጠብቀዋለች፤ እኛ ሁለት። አንዱን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ከቋንቋዎቻችን ማናቸውንም ተቀብለናል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። በወረቀት ከሆነ ከአሜሪካ ቸሮች ነን።

ታዲያ ጓደኛዬ ለምን ዜጋ አልሆነም?

የእኔ 120 ቀን

መልሱን ያገኘሁት የራሴን ታሪክ መለስ ብዬ ሳስታውስ ነው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ገባሁ። አምስት ዓመቴን ስጨርስ ኤን-400 የሚባለውን ቅጽ ሞልቼ ላክሁ። አሻራ ሰጠሁ፤ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ፤ እንግሊዝኛዬ ተፈተነ፤ ስለ አገሪቱ ታሪክና መንግሥት ከሚጠየቁት አሥር ጥያቄዎች ስድስቱን መመለስ ይበቃ ነበርና መለስሁ። ጠያቂዋ «አልፈሃል፤ ነገር ግን ስምህ ገና እየተጣራ ስለሆነ ጠብቅ» አለችኝ። ጠበቅሁ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ስልክ ስደውል የሚሰጠኝ መልስ ከ«ይጠራሃል» የተለየ አልነበረም። ቢሮክራሲ በየትም አገር አንድ ቋንቋ ይናገራል።

ልዩነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «ከተፈተንክበት ቀን አንሥቶ 120 ቀን ካለፈና ውሳኔ ካልተሰጠህ፣ ሕጉ ራሱ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንድትሄድ ይፈቅድልሃል። ዳኛው ወይ ራሱ ይወስናል፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ እንዲወስን ያዝዛል። ማመልከቻህ ውድቅ ከሆነም መጨረሻው ዳኛ ፊት ነው፤ ዳኛውም ነገሩን እንደ አዲስ ያየዋል።» ክስ እንኳ መመሥረት አላስፈለገኝም፤ እንደምከስ የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ለመሐላ ተጠራሁ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ዜግነትን መብት የሚያደርገው የዓመቱ ቁጥር አይደለም፤ ባለሥልጣኑ ዝም ባለ ጊዜ የሚንኳኳ ሌላ በር መኖሩ ነው። ገና ዜጋ ያልሆንሁ፣ አነጋገሬ የሚያስታውቅ አንድ ጥቁር ስደተኛ፣ የአሜሪካን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት «መልስ ስጠኝ» ማለት እችል ነበር። የመርካቶው ጓደኛዬን አራት ዓመት የሚለው ሕግ አልጠቀመውም፤ እሱ አርባ ዓመት አልፎታል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ በዜግነት አዋጃችን ውስጥ እንደዚያ 120 ቀን ያለ፣ ባለሥልጣኑን በቀጠሮ የሚያስር አንቀጽ የለም።

አሜሪካን ለማወደስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1790 ባወጣችው የመጀመሪያ የዜግነት ሕግ ዜጋ መሆን የሚችለው ነጻ የሆነ ነጭ ሰው ብቻ ነው ብላ ነበር። አፍሪካዊ ዝርያ ላላቸው በሩ የተከፈተው በ1870 ነው፤ ዘርን ፈጽሞ ከመመዘኛነት ያወጣችውም በ1952 ነው። ዛሬም ቢሆን በሩ እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ማመልከቻውን በወረቀት ለሚያስገባ ክፍያው 760 ዶላር ደርሷል፤ ከጥቅምት 2025 ወዲህ የሚያመለክቱ ደግሞ ከ128 ጥያቄዎች ውስጥ እስከ ሃያ ይጠየቃሉ፤ ለማለፍም አሥራ ሁለቱን መመለስ አለባቸው። ባለቤቴ ከእኔ በኋላ በትዳር በኩል ባመለከተች ጊዜ የጋራ የባንክ ሒሳባችንን፣ የቤት ኪራይ ውላችንን፣ የሠርግ ፎቶግራፋችንን ሳይቀር አቅርበናል። ትዳርን ለማስመስከር ሰነድ መቁጠር የሚያዋርድ ነገር አለው። ቢሆንም ምን እንደሚፈለግብን እናውቅ ነበር፤ እስከ መቼ እንደምንጠብቅም እናውቅ ነበር። ችሮታ ጠያቂና መብት ጠያቂ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በባለሥልጣን መዳፍ ያለ ዜግነት

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ሰውየው በሰላም እየኖረ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ ምን እንደሆነ እናስታውስ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና መታወቂያ ይዘው የኖሩ፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር የተጋቡ፣ ከሌላ አገር ጋር ኑሮ ያልነበራቸው፣ እየተለቀሙ ከአገር ተባረሩ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያየ። በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የቀሩት የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያገኙና የሚፈልጉም ዜግነታቸውን እንዲያስመልሱ መመሪያ ወጣ። በባለሥልጣን ቃል የሄደው በባለሥልጣን መመሪያ ተመለሰ። ማን ዜጋ እንደሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤት ሳይሆን የወቅቱ ፖለቲካ ሲሆን የሚከተለው ይህ ነው።

ታሪካችን ግን ይህ ብቻ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የተባሉትን፣ የማያውቅ ማን አለ? አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ባንዲራ ሲሰቀል አገር በሙሉ ቀጥ ብሎ የቆመለትን ዜማ የሰጠን መጻተኛ ነው! ይህን ስንናገር ደረታችንን እንነፋለን። ዛሬ የአንድ የየመን ስደተኛ ልጅ ኢትዮጵያዊ ልሁን ሲል ግን ፋይሉ የት እንዳለ የሚነግረው አያገኝም።

ለራስ ሲቆርሱ

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ዲያስፖራው ልምጣ። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። እኛም ለራሳችን ስንጠይቅ አላሳነስንም። አንቀጽ 20 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አሜሪካ ስታስምለኝ የቀድሞ ታማኝነቴን መካዴን በቃል አስነግራኛለች፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን አልነጠቀችኝም፤ ሁለት ዜግነት መያዝንም አትከለክልም። ክሩን የበጠሰው የእኛው አዋጅ ነው። ለዚህም ካሣ ይሆን ዘንድ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድን ሰጠን። ያለ ቪዛ እንገባለን፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ እንኖራለን። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥራትም የለም።

በዚህ ላይ የምናሰማው ቅሬታ ትክክል ነው። የቢጫ ካርድ መብት ምን ያህል ስስ እንደሆነ በገንዘባችን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የነበራቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ታዘዙ። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተለወጠና እንደገና ግዙ ተባሉ። በችሮታ የተሰጠ በችሮታ ሰጪው ፈቃድ ይነሣል።

ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ይህን ክርክር ስናቀርብ በምን እናስደግፈዋለን? «ደማችን ነው» እንላለን። «አጥንታችን እዚያ ነው» እንላለን። ወደ አሜሪካው መሥሪያ ቤት ስንሄድ ግን ደም አልጠቀስንም፤ የምንጠቅሰው ደምም አልነበረንም። «እዚህ ኖሬአለሁ፣ ሠርቻለሁ፣ ግብር ከፍያለሁ፣ ከዜጋችሁ ጋር ትዳር መሥርቻለሁ» ነው ያልነው። በሜሪላንድ መኖር ዜጋ ያደርጋል ብለን አምነናል። ታዲያ በመርካቶ መኖር ለምን አያደርግም? በሲልቨር ስፕሪንግ መብት የሆነው ነገር አዲስ አበባ ሲደርስ እንዴት ችሮታ ይሆናል?

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በአገሬ አልኖርሁም። የዳቦ ወረፋዋን አልተሰለፍሁም፤ መብራት ስትጠፋ አብሬ አልጨለምሁም። ጓደኛዬ ግን ግብሩን ሳያቋርጥ ከፍሏል፣ ዕድሩን አዋጥቷል፣ የጎረቤቱን አስከሬን ተሸክሟል። እናቴ ስታርፍ ድንኳኑን ያስተከለው እሱ ነው፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የደረስሁት። ሕጉ ግን የሄድሁትን እኔን በደሜ «ትውልደ ኢትዮጵያ» ብሎ ያቅፈኛል፣ የቀረውን እሱን «የውጭ አገር ሰው» ይለዋል። ደምን ከኑሮ የሚያስበልጥ አገር የራሱን ዕድርተኛ አያውቅም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የጸጥታ ነው። ኢትዮጵያ ብዙ ስደተኛ የምታስተናግድ፣ ድንበሯ በጦርነት የታጠረ አገር ናት፤ በሩ ከተከፈተ ማን ይገባል? ይላሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን አዋጁ ራሱ የቋንቋ፣ የገቢ፣ የጠባይና የወንጀል ማጣሪያ አስቀምጧል። እኔ ወንፊቱ ይቀደድ አላልሁም፤ የተነፋው ዱቄት ይውጣ ነው ያልሁት። የጸጥታ ምክንያት ካለ በጽሑፍ ይነገርና ዳኛ ይየው። የማይነገር ምክንያት ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው «ሁለት ጌታ ማገልገል አይቻልም» የሚለው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ድርብ ዜግነትን ፈቅዳለች፤ በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም። የአገር ፍቅር እንደ ወንበር አንድ ሰው ሲቀመጥበት ለሌላው የማይተርፍ ነገር አይደለም። ለከፍተኛ ሥልጣን፣ ለጦር ኃይልና ለደኅንነት ገደብ ይቀመጥ ከተባለ እሰየው፤ በልዩ ሕግ ይዘርዘር። የተቀረውን ሚሊዮን ሕዝብ ለምን ይነካል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይልቅ ያስገርመኛል፤ «ለእነዚህ ለጥቂት ሰዎች ስንል ሕግ እንቀይር?» የሚለው ነው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ ቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚያስችል አዋጅ አጽድቋል። ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ሕግ መቀየር ይቻላል ማለት ነው። ዕድሜውን ይዞ ለመጣስ?

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ለዜግነት ማመልከቻ በአዋጅ የተቆረጠ የውሳኔ ቀን ይቀመጥለት። ቁጥሩ 120 ይሁን 180 ግድ የለኝም፤ ቀኑ ካለፈ አመልካቹ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ይችል።

ሁለተኛ፣ እምቢታ በጽሑፍና በምክንያት ይሁን። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔዎች በፍርድ ቤት እንዲከለሱ መንገድ ከፍቷል። ይኸው መርሕ በዜግነት ሕጉ ውስጥ በማያሻማ ቋንቋ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ በኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ ያደገና ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ ሰው መስፈርቱን ካሟላ «ሊያገኝ ይችላል» የሚለው ለእሱ «ያገኛል» ይባል። ከሁለቱ ቃላት መካከል የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ይጠፋል።

አራተኛ፣ አንቀጽ 20 ይሻሻል፤ እኛ ዜግነታችን አይቀረጥብን። በዚያው ልክ ከሌላ አገር የመጣውም የአባቱን አገር ካልካድህ አይባል። አገሩ በጦርነት በፈረሰበት ሰው ላይ ከዚያው አገር የመልቀቂያ ደብዳቤ አምጣ ማለት በሩን ዘግቶ ቁልፉን ባሕር ውስጥ መጣል ነው።

አራተኛውን ብቻ መርጦ የሚጮኽ ወገኔ ካለ በዚህ ጉዳይ አብሬው አልሰለፍም። ለእኔ መብት፣ ለጎረቤቴ ችሮታ የሚል ሰልፍ ፍትሕን አይወልድም፤ ቢሳካለት እንኳ ልዩ ጥቅም ነው የሚያገኘው። ልዩ ጥቅም ደግሞ ሰጪው በከፋው ቀን ይነጠቃል። የአክሲዮኑን ነገር አይተናል።

ከአዲስ አበባ ልመለስ ስል ጓደኛዬ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኝ። «ዜግነቱ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፓስፖርት አወጣለሁ፣ ወደ ውጭ እሄዳለሁ የሚል መስሎኝ ነበር።

«በምርጫ ቀን ከልጆቼ ጋር እሰለፋለሁ» አለኝ። «ሁልጊዜ በር ድረስ ሸኝቻቸው እመለሳለሁ።»

ከዚህ በላይ የሚያሳምን ማመልከቻ እኔ አላውቅም። መልስ የሚሰጠው ግን ገና አልተገኘም።

ቸር ይግጠመን።